ከሕክምና በኋላ ወደ እናቱ ቤት ይመለስ ወይስ ኦክስፎርድ ሀውስ ይግባ?

ጥያቄ፦ እኅት ከሜሪላንድ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው ቤተሰባችን ለሁለት ተከፍሎ መስማማት ስላቃተንና ነገሩን ኖሮበት የሚያውቅ ሰው ምክር ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ለዘጠኝ ዓመታት ያህል ሲጠጣ ኖሮ፣ በመጨረሻ ጠዋት ካልቀመሰ እጁ እየተንቀጠቀጠ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ የማይችልበት ደረጃ ላይ ደረሰ። ከአራት ሳምንት በፊት በራሱ ፈቃድ ማገገሚያ ማዕከል ገብቶ መልኩም አነጋገሩም ተመልሷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል። አማካሪው ወደ ቤት ከመመለስ ይልቅ ኦክስፎርድ ሀውስ ወደሚባል፣ ከሱስ በማገገም ላይ ያሉ ሰዎች አብረው ወደሚኖሩበት ቤት እንዲገባ መክሮታል፤ እሱም ፈቃደኛ ነው።

እናታችን ግን ነገሩን ጨርሳ አልተቀበለችውም። «እናት ያለው ልጅ ምን ቆርጦት ነው ከማያውቃቸው ጠጪዎች ጋር የሚያድረው? አልጋው ተነጥፎ ይጠብቀው የለም ወይ?» ትላለች። ከተቻለም አገር ቤት ወስዳ ጠበል ልታስጠምቀው ታስባለች። ወሬው ቤተ ክርስቲያን እንዳይደርስባት መፍራቷንም አውቃለሁ፤ በዚህ አልፈርድባትም።

እኔን የሚያስፈራኝ ደግሞ በዓይኔ ያየሁት ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ታክሞ ሲወጣ ሁለቱንም ጊዜ የተመለሰው ወደ እናታችን ቤት ነበር። በሁለተኛው ጊዜ፣ ከወጣ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ እንጀራ ልጋግር ምድር ቤት ወርጄ የጤፍ ዱቄቱን ጆንያ ሳነሣ ከኋላው አራት ባዶ የቮድካ ጠርሙሶች በፎጣ ተጠቅልለው አገኘሁ። ፎጣው የእናቴ ነበር። ታውቅ ነበር ማለት ነው። ለአለቃው ደውላ ጉንፋን ይዞታል የምትለውም እሷ ነበረች።

እባካችሁ፣ በዚህ ቤት ውስጥ የኖራችሁ ወይም ልጃችሁን ያስገባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ቤቱን የሚያስተዳድረው ማን ነው? አንድ ጊዜ ከጠጣ በዚያው ቀን ያስወጡታል የሚባለውስ እውነት ነው? እናቴ እንዴት ልትጠይቀው ትችላለች? ጾሙንና ቤተ ክርስቲያኑንስ ሳይተው መኖር ይችላል?


መልስ፦ የቀድሞ ነዋሪ

እኅቴ፣ ጥያቄዎን የራሴ እኅት የጻፈችው እስኪመስለኝ ድረስ ነው ያነበብኩት። በሞንትጎመሪ ካውንቲ በሚገኝ አንድ ኦክስፎርድ ሀውስ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ኖሬያለሁ፤ መጠጥ ካቆምኩ አሁን ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ለእናትዎ በመጀመሪያ ቢነግሯቸው የምወደው፣ ይህ ቤት የተጀመረው እኛው በምንኖርበት በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ካውንቲው በጀት አጥሮት ከሚያስተዳድራቸው የማገገሚያ መኖሪያዎች አንዱን ሊዘጋ ሲወስን፣ በውስጡ ይኖሩ የነበሩት 13 ወንዶች ቤቱን ራሳቸው ተከራይተው ራሳቸው ለማስተዳደር ተስማሙ። ከመካከላቸው አንዱ ፖል ሞሎይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 አርፏል። ዛሬ በአሜሪካ ከ3,000 በላይ እንዲህ ያሉ ቤቶች አሉ። የጋራ መሠረታቸው ሦስት ነገር ነው፦ ቤቱ በነዋሪዎቹ ድምፅ ይተዳደራል፣ ወጪውን ነዋሪዎቹ ራሳቸው ይሸፍናሉ፣ ወደ መጠጥ ወይም ወደ አደንዛዥ ዕፅ የተመለሰ ሰው ወዲያውኑ ይወጣል። ተቀጣሪ ኃላፊ የለም፤ ሐኪምም ጠባቂም በውስጡ አይኖርም። በኖርኩበት ቤት በሳምንት 175 ዶላር እከፍል ነበር፤ ኪራዩም መብራቱም የመጸዳጃ ወረቀቱም ከዚሁ ይወጣል። ደንቡን አክብሮ፣ ድርሻውን ከፍሎ፣ ከመጠጥ ርቆ የሚኖር ሰው የፈለገውን ያህል ዓመት መቆየት ይችላል።

አሠራሩን ለእናቴ ያስረዳሁት በዕድር ነው፤ ወዲያው ገባት። በየስድስት ወሩ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ተቆጣጣሪና የቤት ሥራ አስተባባሪ ይመረጣሉ፤ ማንም ሥልጣኑን ይዞ አይቀርም። በየሳምንቱ ስብሰባ አለ። የእኛ እሑድ ማታ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር፤ ጸሐፊው ያለፈውን ሳምንት ቃለ ጉባኤ ያነባል፣ ገንዘብ ያዡ ባንክ ውስጥ ስንት እንዳለ ያሳውቃል፣ ከዚያ ተቆጣጣሪው ማን ስንት ዕዳ እንዳለበት በስም እየጠራ ያነባል። በሁለተኛው ሳምንት ስሜ ከ40 ዶላር ዕዳ ጋር ሲነበብ የተሰማኝን እፍረት አልረሳውም። ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም አልመከረኝም፤ መቼ እንደምከፍል ብቻ ጠየቁኝና መልሴን ጻፉት። ወንድሜ ለዓመታት ገንዘብ ሲሰጠኝ «ግድ የለም» ይለኝ ነበር። በዕድሜዬ ያንን ቃል ያልሰማሁበት የመጀመሪያው ቤት ያ ነው።

በአምስተኛው ወር ገንዘብ ያዥ አድርገው መረጡኝ። በዘመድ ቤት ስገባ ሴቶቹ ቦርሳቸውን ከሶፋ ላይ አንሥተው መኝታ ቤት ሲያስቀምጡ እያየሁ የኖርኩ ሰው ነኝ። የስምንት ሰው የኪራይ ገንዘብ ያለበትን የቼክ ደብተር እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። እያንዳንዱ ቼክ ሁለት ፊርማ ስለሚያስፈልገው እንደልቤ ላዝበት አልችልም ነበር፤ ሆኖም ደብተሩ በእኔ መሳቢያ ውስጥ ያድር ነበር። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እናትዎ በወንድምዎ ላይ ያላቸው ፍቅር የማይጠረጠር ነው፤ ነገር ግን እናት ከልጇ ጋር እኩል አትሆንም። እሱ ሲዋሽ ትሸፍናለች፣ ሲወድቅ ታነሣለች፣ ሲከስር ትከፍላለች። እነዚያ ስምንት ሰዎች ግን እሱ የዋሸውን ውሸት ሁሉ ራሳቸው ቀድመው የዋሹት ስለሆነ ከፊቱ ያነቡታል፤ ደግሞም እሱ ከጠጣ የእነሱም ሕይወት አደጋ ላይ ስለሚወድቅ ዝም አይሉም። ወንድምዎም በተራው እነሱን ይጠብቃል። በእናቱ ቤት ይህ ድርሻ የለውም፤ እዚያ ሁልጊዜ የሚጠበቀው እሱ ነው።

ለመግባት ማመልከቻ ይሞላል፣ ከዚያም ነዋሪዎቹ ሁሉ ባሉበት ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል፤ የሚገባው 80 በመቶው ሲደግፈው ነው። ስምንት ሰው ባለበት ቤት ቢያንስ ሰባቱ መስማማት አለባቸው ማለት ነው። የሚጠይቁት ስለ ጸባዩ ምስክርነት አይደለም። እኔን ከሥራ ወጥቼ እስክተኛ ድረስ ያሉትን ስድስት ሰዓታት በምን እንደማሳልፍ ጠየቁኝ፤ መልስ አልነበረኝም፤ እንደሌለኝ ነገርኳቸው፤ ተቀበሉኝ። ወንድምዎም እውነቱን ይናገር።


መልስ፦ የልጅ እናት

ልጄ፣ እኔ በእናትሽ ዕድሜ ያለሁ ሴት ነኝ፤ እሷ የምትለውን ሁሉ ብያለሁ። ስለዚህ ስለምትፈሩት ነገር፣ ማስወጣት ስለሚባለው ልንገርሽ።

ልጄን መጀመሪያ ያስገባሁት በዚህ ዓይነት ቤት አልነበረም። ባለቤቱ በግሉ ወደሚያስተዳድረው፣ «ሶበር ሆም» ወደሚባል ቤት ነበር፤ የሁለት ወር ክፍያ በቅድሚያ ተቀበሉኝ። ቤቱ ያምራል፣ ሣሩ የታጨደ ነው፣ ማዕድ ቤቱ ያብለጨልጫል። ልጄ እዚያ ለአምስት ሳምንት ያህል ሲጠጣ አንድም ሰው አልጠየቀውም፤ ወይ አላዩም፣ ወይ አይተው ኪራዩ እንዳይቀርባቸው ዝም ብለዋል። ገንዘቤን አልመለሱልኝም። ለገንዘቡ አላዝንም፤ ለአምስቱ ሳምንት ግን እስከ ዛሬ አዝናለሁ።

ኦክስፎርድ ሀውስ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። በአራተኛው ወር ጠጣ። ማክሰኞ ማታ ነበር። የክፍል ጓደኛው አውቆ ሌሎቹን ሲጠራ አስቸኳይ ስብሰባ አደረጉ፤ ድምፅ ሰጡ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልብሱ በሁለት ጥቁር ፌስታል ተደርጎ በር ላይ ነበር። ሲደውልልኝ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሆኗል፤ ሰዓቱን የማስታውሰው ስልኩን እያየሁ ላንሣ አላንሣ ብዬ ስለተቸገርኩ ነው። አነሣሁት፤ «እማዬ፣ ልምጣ?» አለኝ።

እንዲህ ያለ ቀን ከመጣ ምን እንደሚደረግ፣ ሲገባ በገዛ እጁ ጽፎ ፈርሞበት ነበር፤ እኔም አንብቤዋለሁ። ወረቀቱ «ወደ እናቴ ቤት» አይልም፤ «ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ሕክምና» ነው የሚለው። ስለዚህ «ወረቀቱ ላይ የጻፍከውን አድርግ» አልኩት፤ ስልኩን ዘግቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሌሊት ያስወጣው የቤቱ ሰብሳቢ ራሱ በመኪናው ወደ ድንገተኛ ክፍል ወስዶት እስኪነጋ አብሮት እንደ ተቀመጠ ያወቅሁት በማግስቱ ነው። እኔ ጨካኞች እያልኩ ስረግማቸው ያደርኩት ሰው በፕላስቲክ ወንበር ላይ ከልጄ አጠገብ አድሯል።

ከሠላሳ ሦስት ቀን በኋላ ሌላ ኦክስፎርድ ሀውስ አመልክቶ ገባ። አሁን አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆኖታል። እናትሽን «ያስወጡታል» ብለሽ ብቻ አትተያት፤ እንዲህ ያለ ቀን ከመጣ ስልኩን አንሥታ ምን እንደምትለው ከአሁኑ ከእሷ ጋር ተነጋገሪ። ቃሉን ቀድማ ካልተዘጋጀችበት በዚያ ሰዓት አይመጣላትም።

ስለ መጠየቁ፣ በእንግዳ ሰዓት እንደልባችሁ ትሄዳላችሁ። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ወጥ ይዤ እሄዳለሁ። ማቀዝቀዣው ላይ እያንዳንዱ ሰው ስሙ የተለጠፈበት መደርደሪያ አለው፤ ሳህኑን ማጠብና ወለሉን መጥረግ ግን በተራ ነው። አንድ ጊዜ ሳላስበው የልጄን ተራ ልሠራለት ሳህን ማጠብ ጀምሬ፣ አንድ ወጣት ልጅ በትሕትና «እማማ፣ ዛሬ የእሱ ተራ ነው» ብሎ ከእጄ ተቀበለኝ።


መልስ፦ ነርስ፣ በሱስ ሕክምና የምሠራ

ከላይ ያሉት ሁለቱ አስተያየቶች ከልምድ የተጻፉ ስለሆኑ፣ እኔ የምጨምረው ወንድምዎ ከመግባቱ በፊት መጣራት ያለባቸውን ጉዳዮች ነው።

የልጅ እናት እንደጻፉት፣ «ሶበር ሆም» የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ነጋዴዎች በሽተኛን እንደ ዕቃ እያሻሻጡ ኢንሹራንስ ሲያስከፍሉ ተደርሶባቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሪዞና በተለይ የአገሬው ተወላጆችን ያጠቃ ትልቅ የማጭበርበር ጉዳይ ይፋ ሆኖ ነበር። አንድ ቤት ክፍያ ሳይጠይቅ «ኢንሹራንስህ ይሸፍነዋል» ካለ፣ ወይም ሰው ላመጣ ገንዘብ እከፍላለሁ ካለ፣ ከዚያ ይራቁ። ኦክስፎርድ ሀውስ ከኢንሹራንስ ምንም አይጠይቅም፤ የሚያተርፍ ባለቤትም በውስጡ የለም።

ማስረጃውን ለሚፈልግ የቤተሰብ አባል ደግሞ፣ በኢሊኖይ የዲፖል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሕክምና የወጡ 150 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን ኦክስፎርድ ሀውስ አስገብተው፣ ግማሾቹን በተለመደው ክትትል ትተው ለሁለት ዓመት ተከታትለዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ውጤት መሠረት በሁለት ዓመቱ ፍጻሜ መጠጥ ወይም ዕፅ ይጠቀሙ የነበሩት ቤቱ ከገቡት 31.3 በመቶ፣ ካልገቡት ደግሞ 64.8 በመቶ ነበሩ። ቤቱ ሁሉንም እንደማያድን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ ልዩነቱ ግን ለአንድ ቤተሰብ ውሳኔ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጎረቤት ተቃውሞ ያስወጣቸው ይሆን ብለው የሚሰጉ ካሉ፣ እነዚህ ቤቶች በፍትሐዊ የመኖሪያ ቤት ሕግ ይጠበቃሉ። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የሚገኘው የኤድመንድስ ከተማ፣ ዝምድና የሌላቸው ከአምስት በላይ ሰዎች በአንድ ቤት እንዳይኖሩ የሚከለክለውን ደንቡን ይዞ ከኦክስፎርድ ሀውስ ጋር ሲከራከር፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 በ6 ለ3 ድምፅ ደንቡ ከዚህ ሕግ ነፃ እንዳልሆነ ወስኗል።

አሁን ስለ ጤናው። ወንድምዎ ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ሰው እንደገና ለቀናት ጠጥቶ በድንገት ካቆመ የሚጥል በሽታ መሰል መንቀጥቀጥ ሊይዘውና ሕይወቱም ሊያልፍ ስለሚችል፣ በቤት ውስጥ ተኝቶ ይለፍለት ማለት አይገባም፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። የመጠጥ ፍላጎትን የሚቀንስ እንደ ናልትሬክሶን ያለ መድኃኒት ታዞለት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከታዘዘለትም በቃለ መጠይቁ ቀን ከመድኃኒቱ ስም ጋር ይንገራቸው፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚቀመጥም ይጠይቅ። በቤቱ ውስጥ የኦፒዮይድ፣ ማለትም እንደ ሄሮይንና ፈንታኒል ያሉ ዕፆች፣ ሱስ የነበረባቸው ሰዎች መኖራቸው አይቀርም። ለወራት ከተውት በኋላ የሚመለሱ ሰዎች ሰውነታቸው የቀድሞውን መጠን ስለማይችል በአንድ ጊዜ ሊሞቱ ይችላሉ። ስለዚህ ከመጠን በላይ የተወሰደ ኦፒዮይድን የሚያረክሰው፣ ናሎክሶን የተባለው በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት በቤቱ መኖሩን ማየት መልካም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይገዛል።

ለሐበሻ ቤተሰብ ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ጫት በብዙዎቻችን ዘንድ እንደ ሱስ አይቆጠርም፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር በፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በጣም ከተከለከሉት መደብ ውስጥ ነው፤ በቤቱም ደንብ ቢሆን ጫት መቃም ዕፅ መጠቀም ነው። ሁለተኛ፣ አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ የሽንት ምርመራን ሊያሳስት ስለሚችል አልኮል የሌለበትን ይግዙለት።


መልስ፦ አሁን በቤቱ የምኖር

ስለ ቤተ ክርስቲያን ለጠየቁት ብቻ ልመልስ። ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ በቤቱ ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ። እሑድ ጠዋት አስቀድሳለሁ፣ ማታ ስብሰባ እገባለሁ፤ እስካሁን አንዱ ከሌላው ጋር አልተጋጨብኝም። በሑዳዴ ምግቤን በራሴ ድስት ሠርቼ በላሁ፤ ሽሮው ሲወጠወጥ ሽታው ሁሉንም ወደ ወጥ ቤት ይጠራቸው ነበር። ለመቁረብ ፈርቼ ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ነበር፤ የምንቀበለው ከዘቢብ የሚዘጋጅና ያልፈላ መሆኑን አስረድተው አጽናኑኝ። ለእኔ ከባዱ ማኅበርና ተዝካር ነው፤ ጠላ ይቀርባል፤ «በማርያም፣ አንድ ብርጭቆ» ይባላል። እስከ አንድ ዓመት ድረስ ላለመሄድ ወስኛለሁ፤ ለቅሶ ግን እደርሳለሁ፤ ከቤቱ አንድ ሰው አብሮኝ ይሄዳል፣ ሁለት ሰዓት ቆይተን እንወጣለን። ሰዎች ጓደኛዬን የሥራ ባልደረባዬ ይመስላቸዋል፤ እኔም አላርምም።

ጠበሉን በተመለከተ፣ የንስሐ አባቴ ከሐኪምም ከቤቱም ጋር አይጣላም ብለውኛል። እናትዎ ጠበል በጠርሙስ ቢያመጡለት ማንም አይከለክለውም፤ በላዩ ላይ ስሙን ይጻፍበት ብቻ።


የጠያቂዋ ምላሽ፦ እኅት ከሜሪላንድ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፋችሁትን በሙሉ ትናንት ማታ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ ዕድሩ ስትሰማ ገንዘብ ያዡ ካጎደለ ምን እንደሚደረግ ጠየቀችኝ፤ ስለ ሁለቱ ፊርማ መልሼ አነበብኩላት። የልጅ እናት የጻፉት ላይ ስንደርስ፣ «እማዬ፣ ልምጣ?» የሚለውን ከሰማች በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ እኔ ሳልጠይቃት ስለ ፎጣው ነገረችኝ። ሁለታችንም አለቀስን።

ስልኩን ያን ሌሊት ካነሣች የምትለውን በወረቀት እንድጽፍላት ጠይቃኝ በአማርኛ በትልልቅ ፊደል ጽፌላታለሁ፤ በዳዊት መጽሐፏ ውስጥ አስገብታዋለች። ወንድሜ በስልክ ቃለ መጠይቁ ሐሙስ ማታ በአንድ ሰዓት እንደሆነ ነግሮናል። ስለ ስድስቱ ሰዓታት ብጠይቀው እሱም መልስ የለውም፤ እንደሌለው ይነግራቸዋል።

እናቴ ዛሬ ስትጋግር ውላለች። ከተቀበሉት ቅዳሜ ይዤለት ልሄድ ስምንት እንጀራ ለይታ አስቀምጣ ነበር፤ እሱ ሲጨመር ዘጠኝ እንደሚሆኑ ስነግራት ምጣዱን እንደገና አጋለችው።